በአዳማ የቀነሰው ወንጀሉ ነው ወይስ መዝገቡ?

የመነሻ ጽሑፍ

ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ ከሥራ ወጥታ ከመናኸሪያ ወደ ፍራንኮ በባጃጅ ስትሄድ፣ ባጃጁ መታጠፊያ ላይ ቀዝቀዝ ባለበት ቅጽበት አንድ ወጣት እጇን ጠምዝዞ ስልኳን ነጥቋት ሮጠ። የእጇ አንጓ ሦስት ቀን ሙሉ አብጦ ሰነበተ። በማግስቱ ወደ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። የተቀበላት ተረኛ ትሑት ሰው እንደነበረና ቁጭ ብላ እንድትረጋጋ ወንበር እንደሰጣት ደጋግማ ነግራኛለች። ምትክ ሲም ካርድ ለማውጣት ማስረጃ ያስፈልጋት እንደሆነ ጠየቃት፤ አዎን አለች፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዛ ወጣች። ማታ ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብሁት። ስሟ፣ የስልኩ ዓይነትና ቁጥሩ በትክክል ተጽፈዋል። ከሥሩ ያለው ዐረፍተ ነገር ግን ንብረቷ የጠፋባት መሆኑን ስላመለከተች ትብብር እንዲደረግላት የሚጠይቅ ነው። ነጠቃ የሚል ቃል አልሰፈረም፤ እጇን የጠመዘዘው ሰውም በወረቀቱ ላይ የለም።

የሒሳብ መምህር ስለሆንሁ ቁጥር ሲነገር ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ ማለፍ ይቸግረኛል። በየከተማው የግማሽ ዓመትና የዓመት ሪፖርት ሲቀርብ ከምንሰማቸው ዐረፍተ ነገሮች አንዱ፣ ወንጀል ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር በዚህን ያህል በመቶ ቀንሷል የሚለው ነው። ያ ሪፖርት ሲዘጋጅ የእህቴ ስልክ በየትኛው ዓምድ ይገባል? እኔ እንደሚመስለኝ በየትኛውም አይገባም። መዝገብ የተፈጸመውን ሁሉ አይቆጥርም፤ ሰው የተናገረውንና ተረኛው የጻፈውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲወርድ ሌባው እጁን ሰብስቦ ሊሆን ይችላል፤ ሰው መናገር ታክቶት ወይም ጸሐፊው ሌላ ቃል መርጦም ሊሆን ይችላል። ሦስቱን በምን እንለያቸዋለን? በዚህች ከተማ የኖራችሁ፣ በሙያው ያላችሁም ሆናችሁ ጉዳዩ በራሳችሁ የደረሰ፣ የምታውቁትን ጻፉልኝ። ወሬ ግን አትጨምሩበት።

ምላሾቹ ከጠበቅሁት በላይ ስለበዙ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ፍሬ ሐሳባቸውን ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው ምላሽ የመጣው በመናኸሪያ አካባቢ ለረጅም ዓመታት ሱቅ ካላቸው አባት ነው። ከተማዋን እስከ ዛሬ ናዝሬት ብለው ነው የሚጠሯት። ለእህቴ አዝነው፣ እግዜር ይማርሽ በሉልኝ ብለው ከጀመሩ በኋላ፣ ወንጀል መጨመሩን ለማወቅ ቁጥር እንደማያስፈልጋቸው ገለጹ። እርሳቸው ወደዚህ ሲመጡ ሱቃቸውን ለጎረቤት ልጅ ትተው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሱ ነበር፤ ዛሬ ግን በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ፣ መስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ። ቁልፉ ከበዛ ሌባው በዝቷል ማለት ነው የሚል ነበር መደምደሚያቸው።

ምላሽ 2

አንዲት የሆቴል ሠራተኛ በአክብሮት ተቃወመቻቸው። ከማታ ፈረቃ የምትወጣው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የመንገድ መብራት ከገባ ወዲህ ሠፈሯ ከበፊቱ የተሻለ ስለሆነ እርሷም እንደ አባታችን የራሷን ዓይን ብታምን መልሷ ተቃራኒ ይሆን እንደነበር ጻፈች። ሁለት ሐቀኛ ሰዎች በአንድ ከተማ ኖረው ሁለት የተለያየ ነገር ካዩ፣ ቁጥር ያስፈለገው ለዚሁ እንደሆነም አከለች። በዚህ የውይይት ክር ውስጥ ከወደድኋቸው ሐሳቦች አንዱ ይህ ነው።

ምላሽ 3

ሦስተኛው ከሁሉም የረዘመ ሲሆን የጻፉትም ጡረታ የወጡ መርማሪ ፖሊስ ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የሚያናግሩኝ። የሠሩበትን ጣቢያ አልጠቀሱም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

በመጀመሪያ ሕጉን አስቀመጡ። ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 14፣ ክስ ወይም አቤቱታ ሲቀርብ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ለአመልካቹ እንዲነበብለት፣ ቀን ተጽፎበት እርሱና ተቀባዩ እንዲፈርሙበት ያዛል። አንቀጽ 22 ደግሞ መርማሪው የቀረበለትን ነገር ቢጠራጠር እንኳ ምርመራውን እንዲያካሂድ ያስገድደዋል። ስለዚህ እህቴ የተነጠቀች መሆኗን በአፏ ከተናገረች የጠፋባት ተብሎ መጻፉ ስሕተት ነበር፤ ይህን ሲሉ አልተሽኮረመሙም።

ቀጥለው ግን ይህ ለምን እንደሚሆን ነገሩን። አብዛኛው ተበዳይ ወደ ጣቢያ የሚመጣው ሌባው ይያዝልኛል ብሎ ሳይሆን ወረቀት ፈልጎ ነው። መታወቂያው፣ መንጃ ፈቃዱ፣ የባንክ ደብተሩ ከቦርሳው ጋር ሄዷል፤ እነዚህን ለማስተካት የየመሥሪያ ቤቱ ሰው ከፖሊስ ማስረጃ አምጣ ይለዋል። የጠፋ ተብሎ ሲጻፍ ጉዳዩ ባንድ ገጽ ያልቃል። ነጠቃ ወይም ስርቆት ተብሎ ሲጻፍ ግን የምርመራ መዝገብ መከፈት፣ ቃል መቀበል፣ ምስክር መፈለግ ይመጣል፤ ተበዳዩ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ከሥራ መቅረት ስለሚሆንበት አይመለስም። ተጠርጣሪ ያልተገኘለት መዝገብ መደርደሪያ ላይ ይከማቻል። በግምገማ ቀን ይህን ያህል መዝገብ ከፍታችሁ ይህን ያህሉ ለምን ለዐቃቤ ሕግ አልደረሰም ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው ያው መዝገቡን የከፈተው ሰው ነው። እርሳቸው በአገልግሎት ዘመናቸው መዝገብ እንዳይከፈት በቃል የታዘዙበት ቀን አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ሳይታዘዙ የሚገባቸው ነገር እንደነበረና ጠፋ የሚለውን ቃል በእጃቸው የጻፉባቸው ቀናት ዛሬም እንደሚቆረቁሯቸው አልደበቁም። ይህን በአደባባይ መናገር ቀላል አይደለምና አመሰግናቸዋለሁ።

በመጨረሻ አንድ ምክር ሰጡኝ። የከተማን ሁኔታ በዓመታት መካከል ለማነጻጸር ከፈለግሁ የሞባይል ስርቆትን ትቼ የሰው መግደልን ቁጥር እንድከታተል ነው። የሞተ ሰው ሬሳው አለ፣ ሆስፒታሉ ያውቃል፣ ዕድሩ ያውቃል፣ ቀብሩ ላይ ሠፈሩ ይቆማል፤ ጠፋ ተብሎ የሚጻፍበት መንገድ ጠባብ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚታመነው የመኪና ስርቆት ነው፤ ባለንብረቱ ከኢንሹራንስ ካሳ ለመጠየቅ የፖሊስ ማስረጃ ስለሚያስፈልገው ሳያመለክት አያድርም።

ምላሽ 4

በጅቡቲ መስመር የሚሠራ የተሳቢ ሾፌር ነው። መርማሪው ስለ መኪና የተናገሩት ለሙሉ መኪና እውነት ቢሆንም ለመኪና ዕቃ እንደማይሠራ ጠቆመ። አዳማ ማደር የመስመሩ ልማድ ነው። አንድ ሌሊት ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ሳለ ስኮርታ ጎማውን ከነማሰሪያው ፈትተው ወስደውበታል፤ በሌላ ጊዜ ባትሪውን። ሁለቱንም ጊዜ አላመለከተም፤ ምክንያቱም ጭነቱ የሚጠብቀው ወደብ ላይ ነው፣ ንጋት ላይ ወደ መተሐራ ካልወጣ ደግሞ ወረፋው ያልፈዋል። ሲመለስ ሳምንት ሆኖታል፤ ያን ጊዜ ማን ያስታውሰዋል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ትቶታል። መስመሩ ላይ ያሉ ጓደኞቹን ቢጠይቅ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ያልተጻፈ ታሪክ እንደማያጣ ገመተ። ከተማችን የመተላለፊያ ከተማ ስለሆነች ተበዳይዋም መንገደኛ ነው፤ መንገደኛ ደግሞ ለመዝገብ አይመችም። ይህን ሾፌሩ ባይነግረኝ ኖሮ አላስበውም ነበር።

ምላሽ 5

አንዲት የሕግ ባለሙያ በእህቴ እጅ አንጓ ላይ አተኮረች። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በ669፣ ውንብድናን በ670፣ ከባድ ውንብድናን በ671 ለያይቶ አስቀምጧል። በ665 የሚወድቅ ስርቆት በቀላል እስራት ወይም እንደነገሩ ሁኔታ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በ670 የሚወድቀው ግን ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አለው። ሁለቱን የሚለያያቸው ኃይል ወይም ዛቻ መኖሩ ነው። ስለዚህ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቢወሰድ አንድ ነገር ነው፤ እጅ ተጠምዝዞ ሲወሰድ ሌላ ነው። አንድ ጣቢያ ይህን መሰሉን ድርጊት ስርቆት እያለ፣ ሌላው ውንብድና እያለ ከጻፈ የሁለቱን ሠፈሮች ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ይህ ሠፈር ይብሳል ማለት አይቻልም። አንድ ጣቢያ አሠራሩን ቀይሮ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ሁሉንም በ670 መጻፍ ቢጀምር ደግሞ አንድም ተጨማሪ ሰው ሳይነጠቅ ውንብድና በእጥፍ ጨመረ የሚል ዜና እንሰማለን።

የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2015 ወንጀሎችን ለስታቲስቲክስ ሥራ የሚመድብ ዓለም አቀፍ አመዳደብ ያጸደቀው በዚሁ ችግር ምክንያት እንደሆነ አስታወሰችን፤ በዚያ አመዳደብ ዋናው መለያ የየአገሩ ሕግ ለድርጊቱ የሰጠው ስም ሳይሆን የተፈጸመው ድርጊት ራሱ ነው።

ምላሽ 6

እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። ስማቸውን ያልገለጹ ጸሐፊ፣ የእኔ ሥራ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደሆነ በመንገር ጀመሩ። በአንድ ስልክ ተነሥቼ የከተማን ስም አጠፋለሁ፤ እንግዳ የሚያስተናግድ ሆቴልና ፋብሪካ የሚከፍት ባለሀብት ይህን አንብቦ ምን ይላል፤ ሌሊቱን ውጭ የሚያድረውን ፖሊስ ማመስገን ሲገባኝ በትሕትና የተቀበላትን ሰው ሐሰተኛ አደረግሁት ሲሉ ወቀሱኝ። ከዚያም አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ቁጥሩ ተሳስቷል ካልሁ ትክክለኛው ስንት ነው?

ምላሽ 7

ይህ የራሴ ነው። ተረኛውን ሐሰተኛ አላልሁም፤ እህቴም እስከ ዛሬ ታመሰግነዋለች። አንድ ስልክ ስለ ከተማ ምንም እንደማያረጋግጥ ግን አመንሁላቸው፤ በዚህ እርሳቸው ትክክል ናቸው። ትክክለኛው ስንት ነው ለሚለው፣ ቁጥሩ ቢገኝ እንኳ ለብቻው እንደማይበቃ በራሳችን ከተማ አሳየኋቸው። በ1987ቱ ቆጠራ የአዳማ ሕዝብ 127,842 ነበር፤ በ1999ኙ ቆጠራ 220,212 ሆነ። ይህ 72 በመቶ ያህል ጭማሪ ነው። እንበልና፣ ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በመጀመሪያው ዓመት 500፣ በሁለተኛው 861 ስርቆት ተመዝግቦ ቢሆን፣ ሰሌዳ ላይ የሚታየው አስደንጋጭ ጭማሪ ነው። ለ100,000 ሰው ስንት ይደርሳል ብለን ስናካፍለው ግን ሁለቱም ጊዜ 391 ነው፤ ለአንድ ነዋሪ የመሰረቅ ዕድሉ ንቅንቅ አላለም ማለት ነው።

ከ1999 ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። አራተኛው ቆጠራ ቀን ተቆርጦለት ተራዘመ። ዛሬ የምናካፍልበት የሕዝብ ብዛት ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ የተሠራ ትንበያ ነው፤ በመካከሉ ግን የፍጥነት መንገዱ ተከፈተ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ጀመረ፣ ከተማዋ ወደ ዳር ሰፋች። አካፋዩ ከተሳሳተ ተካፋዩ ቢጠራም ድርሻው ይሳሳታል። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ፤ በገዛ ከተማዬ ላይ ስሠራው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ምላሽ 8 እና 9

ስምንተኛው ጸሐፊ የሕዝብ ብዛትን ጉዳይ ይዞ ወደማልወደው አቅጣጫ ወሰደው። ጭማሪው ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ከተማዋን ያበላሿት ከሌላ አካባቢ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ናቸው የሚል ነበር። ምንም ማስረጃ አላቀረበም።

ዘጠነኛዋ መልስ ሰጪ በዚያው ምሽት ጻፈች፤ ቃሏም የተሳለ ነበር። በ2010 ቤተሰቧ ከሶማሌ ክልል ተፈናቅሎ ወደ አዳማ ከመጡት መካከል ነው። መጀመሪያ የሰፈሩበት ቦታ በር እንኳ አልነበረውም፤ በሁለት ወር ውስጥ የእናቷ ብርድ ልብስና ከእሳት የተረፈ አንድ ሻንጣቸው ተሰረቀ። አባቷ ለማመልከት ሄደው መታወቂያ ሲጠየቁ፣ መታወቂያቸው የቀረው ጥለውት በመጡት ቤት ውስጥ ነበርና ሳይናገሩ ተመለሱ። ስምንተኛው ጸሐፊ በወንጀለኛ ዝርዝር ውስጥ ሊያገኛቸው የሚፈልጋቸው ሰዎች በተበዳይ ዝርዝር ውስጥ እንኳ ቦታ እንዳላገኙ፣ እንደ እርሱ ያለ ሰው ደግሞ ቁጥሩ በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ጥላቻውን እንደሚጽፍበት ነገረችው። አንድ የቀረችኝ ነገር ብላ የጨመረችው፣ አባቷ አሁን መታወቂያ እንዳላቸውና ግብር እንደሚከፍሉ ነው።

ስምንተኛው ጸሐፊ አልተመለሰም።

ምላሽ 10

የመድረኩ አስተባባሪ ሰውን በትውልዱ መወንጀል እንደማይፈቀድ በሁለት መስመር አሳስቦ፣ ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ ጠየቀ።

ምላሽ 11

ወደ ጉዳዩ የመለሰችን በሕክምና ሙያ ያለች እህት ናት። እስካሁን የተወራው ሁሉ ስለ ስልክና ጎማ መሆኑ እንዳሳዘናት፣ ከሁሉ ይልቅ የሚደበቀው ግን ቤት ውስጥ የሚፈጸመው እንደሆነ ጻፈች። በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ሴቶችን ጠይቆ፣ 23 በመቶው ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው፣ 10 በመቶው ደግሞ ጾታዊ ጥቃት እንደተፈጸመባቸው መልሰዋል። ጥቃት ከደረሰባቸው መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም ሰው አልተናገሩም። ለእናታቸው ያልነገሩትን ለተረኛ ፖሊስ ይነግራሉ ብሎ የሚጠብቅ ካለ እነዚህን ሴቶች አያውቃቸውም አለች።

ከዚያ በጣም የጠቀመኝን ነገር ጨመረች። ሕክምናው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበት ማዕከል ሆስፒታል ውስጥ ሲከፈት፣ የሚመዘገበው ጥቃት ቁጥር ይጨምራል፤ መጨመሩም ደግ ነው። ቀድሞ አንዲት ልጅ ታሪኳን በበር ጠባቂ፣ በካርድ ክፍል፣ በሐኪም፣ በጣቢያ፣ እንደገና በሌላ መርማሪ ፊት ትደጋግም ነበር፤ በመካከሉ ቤተሰቧ ይደክመዋል፣ እርሷም ትተወዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ የምትናገርበት ክፍል ሲገኝ ግን ትናገራለች። ይህን ጭማሪ አይቶ ጥቃት ተባባሰ የሚል ዜና የሚሠራ ጋዜጠኛ ሳያውቅ ያንን በር እየዘጋ ነው፤ ኃላፊዎች በቁጥሩ ከተወቀሱ በሚቀጥለው ዓመት እንዲቀንስ ይፈልጋሉና።

ምላሽ 12

በውጭ አገር የሚማር የአዳማ ልጅ፣ ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አሳየ። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2014 የፖሊስ ተቆጣጣሪው አካል ባካሄደው ምርመራ፣ ለፖሊስ ከተነገሩት ወንጀሎች 19 በመቶ ያህሉ በወንጀልነት ሳይመዘገቡ እንደቀሩ አረጋግጧል፤ በዚያው ዓመት ፖሊስ የሚመዘግበው አኃዝ የብሔራዊ ስታቲስቲክስ ማዕረጉን ተነጠቀ። ከመዝገቡ ጎን ለጎን ግን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በየቤቱ እየዞሩ ባለፈው ዓመት ምን እንደደረሰበት ሰውን የሚጠይቁበት ጥናት አላቸው። ጥናቱ የተናገሩትንም ዝም ያሉትንም ይጨምራል፤ ሁለቱ አኃዞች በተለያዩ ጊዜ መዝገቡ ምን ያህል እንደሚያመልጠው ይታወቃል።

ስለ ተመሳሳይ ወቅት ንጽጽርም አንድ ነገር አነሣ። በ2009 እና በ2010 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ነበር፤ በ2012 ደግሞ በኮሮና ምክንያት ሌላ ዐዋጅ ወጣ። ትራንስፖርት በቀነሰበት፣ ሰው ቤቱ በዋለበት፣ መጠጥ ቤት በተዘጋበት ዓመት ኪስ አውላቂም ሥራ ይፈታል። ያንን ዓመት መነሻ ያደረገ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ወንጀል ናረ ይላል፤ ከዐዋጁ በፊት ያለውን የወሰደ ደግሞ ቀነሰ ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የአንድ ዓመት ንጽጽር ግን እንዲህ ስለሚያሳስት አምስትና ስድስት ዓመት ተያይዞ ካልታየ ከንጽጽሩ ምንም አይጨበጥም።

ምላሽ 13 እና 14

አንድ አዛውንት ክሩን ወደ ድሮ ወሰዱት። ድሮ ሌባ የሚታወቅበት መንገድ ነበረ ብለው ስለ አውጫጭኝ ተረኩ፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ የቀረ መቀጫ እየከፈለ፣ እያንዳንዱ በመሐላ የሚያውቀውን ሲናገር ጥፋተኛው እስኪወጣ የሚቆይበት ሥርዓት ነው። ሌባ ሻይንም አነሡ። ዕፅ የጠጣ ልጅ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ የሚባልበትን ያንን ልማድ ግን እርሳቸው ራሳቸው አልደገፉትም፤ ስንት ንጹሕ ሰው እንደተበላበት እግዜር ይወቅ አሉ።

ከጉዳዩ ወጣን ብዬ ልጽፍ ስል 14ኛው መልስ ሰጪ ቀደመኝና ነገሩን ወደ ጥያቄያችን መለሰው። አውጫጭኝ ቢቀርም ሽምግልናው አለ፤ በአዳማና በዙሪያዋ በኦሮምኛ ጃርሱማ የሚባለው ሽምግልና ብዙ ጠብ ያበርዳል። ሁለት ጎረቤቶች ተፈናክተው ሽማግሌ ገብቶ ካሳ ተከፍሎ ሲታረቁ፣ ሠፈሩ ሰላም አግኝቷል፣ መዝገቡ ግን ምንም አላየም። እርሱ ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። ነገር ግን ሽማግሌ የሚሰማበት ሠፈርና ሰው ሁሉ ወደ ጣቢያ የሚሮጥበት አዲስ መንደር ሲነጻጸሩ፣ አዲሱ መንደር በወረቀት ላይ ብቻ ወንጀለኛ መስሎ ይታያል። እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ ሴት ልጅ ተደፍራ በካሳ የሚያስታርቁበትን ሽምግልና ግን ከዚሁ ጋር አንድ ላይ መቁጠር አልችልም፤ እዚያ ላይ ዝምታው ራሱ ሌላ በደል ነው።

ምላሽ 15

አጭር ነበር። በቴሌግራም የሚዞር አንድ የባጃጅ ዝርፊያ ቪዲዮ የአዳማ ተብሎ በአምስት ቡድን ደርሶታል፤ በቪዲዮው ላይ የሚታየው የሱቅ ማስታወቂያ ግን የሌላ ከተማ ስም አለበት። አንድ ዝርፊያ አምስት ጊዜ ሲታይ በሰው ልብ ውስጥ አምስት ሆኖ ይቀመጣል። መዝገቡ አሳንሶ ሲቆጥር ስልካችን አብዝቶ ይቆጥራል።

ምላሽ 16

የመናኸሪያው ባለ ሱቅ አባት ተመለሱ። ሁሉንም ምላሽ ልጃቸው እያነበበላቸው ሰምተዋል። ከዚያ ቁጭ ብለው የራሳቸውን ሱቅ ታሪክ ቆጠሩ። በነበሩበት ዘመን ሁሉ አራት ጊዜ ተሰርቀዋል፤ ሦስቱ ቁልፉ ሳይበዛ በፊት፣ አንዱ ከበዛ በኋላ። ለፖሊስ ያመለከቱት አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም ሰርሳሪዎቹ ጣሪያውን ቀደው የገቡ ጊዜ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ረስተዋቸው ስለነበር ድሮ ደግ ነበር ብለው ኖረዋል። ለሆቴል ሠራተኛዋ ልጅ ሰላምታ ልከው፣ መብራቱስ እውነትሽን ነው ብለዋታል። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሰው በስተርጅና የገዛ ትዝታውን እንደገና ሲቆጥር ማየት ተራ ነገር አይደለም።

ምላሽ 17

ይህን የጻፈችው እህቴ ናት። የሕግ ባለሙያዋን ምላሽ አትማ፣ ወደዚያው ጣቢያ ተመልሳ ሄደች። በዕለቱ የነበረችው ተረኛ ሴት ስትሆን መጀመሪያ የጠየቀቻት የትኛው እጅሽ ነው ብላ ነበር። ከባጃጁ መታጠፊያ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ አስነገረቻት፤ የልጁን ጃኬት ቀለም፣ የሮጠበትን አቅጣጫ፣ የባጃጅ ሾፌሩ ምን እንዳለ። ከዚያ የጻፈችውን ከዳር እስከ ዳር አነበበችላት። እህቴ አንድ ቦታ ላይ ገፍትሮ የሚለው ጠምዝዞ ተብሎ እንዲታረም ጠየቀች፤ ታረመላት። ቀኑ ተጻፈ፣ ሁለቱም ፈረሙ። አርባ ደቂቃ ፈጅቷል።

ምላሽ 18

መርማሪው አባት ደስ እንዳላቸው ገልጸው አንድ ነገር ጠየቁ። አሁን በጣቢያው ውስጥ ስለ አንድ ስልክ ሁለት ጽሑፍ አለ፤ አንዱ ጠፋ የሚል፣ ሌላው ተነጠቀ የሚል። የመጀመሪያው ተሰርዞ ከሁለተኛው ጋር ተያይዟል ወይስ ሁለቱም እንዳሉ ናቸው? ካልተያያዙ አንድ ቀን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የተከሳሽ ጠበቃ የመጀመሪያውን ወረቀት ያወጣዋል።

እህቴ አላስተዋለችም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ማኅተም ያረፈበትን የመጀመሪያ ወረቀት ይዘን አብረን እንሄዳለን።